የምስክር ወረቀት ዕዳ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ሰው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጁና በአእምሮው ያለው ዕውቀት ነው፤ ይህን ማንም ሊነጥቀው አይችልም። ሁለተኛው ግን ያን ዕውቀት የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ ላይ እንደ ሠራበት የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚጻፍና በሌላ ሰው ማኅተም የሚጸና ስለ ሆነ፣ ያ ሰው እጁን የሰበሰበ እንደ ሆነ የብዙ ዓመት ድካም እንዳልተደከመ ይቆጠራል።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይኸው ነው። የቀድሞ አሠሪ የሥራ ልምድ የምስክር ወረቀት አልሰጥም ያለ እንደ ሆነ፣ ወይም ዛሬ ነገ እያለ ያመላለሰ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ላልደረሰበት ሰው ነው። በየጋዜጣውና በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ተመልከቱ። አስቀድሞ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ በሙያው የተሠራበትን ዘመን ይጠይቃል፤ ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚያዙት ብዙዎች ናቸው። ለምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀኖች ብቻ ነው። እንግዲህ ስድስት ዓመት በሒሳብ ሥራ የቆየ ሰው በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ውስጥ ወረቀቱን ካላገኘ፣ በመዝጋቢው ፊት ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣ ወጣት አይለይም። የደመወዙ መጠን፣ የቤቱ ኪራይና የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ሕጉ ምን ይላል

በመጀመሪያ ከብዙ ሰው አእምሮ መውጣት ያለበት ስሕተት አለ። ብዙ ሠራተኞች የምስክር ወረቀት ሲጠይቁ ውለታ እንደሚለምን ሰው አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ፤ አንዳንድ አሠሪዎችም ከኪሳቸው አውጥተው እንደሚመጸውቱ ሆነው ይታያቸዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ሲዘረዝር ይህን ጉዳይ ከመካከላቸው አስገብቶታል። የሥራ ውል ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ አሠሪው ሦስት ነገሮችን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ሦስቱም ነገሮች ሠራተኛው ይሠራው የነበረው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ይከፈለው የነበረው ደመወዝ ናቸው። ለዚህም ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም፤ በነጻ ነው። ይህ ግዴታ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ሲሠራበት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ቃል አለ። ወረቀቱ የሚሰጠው ሥራ ሲለቀቅ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለና ከአለቃው ጋር በሰላም የሚኖር ሰው ወረቀቱን ዛሬውኑ መጠየቅ ይችላል። ብልህ ሰው ጣራውን የሚከድነው በበጋ ነው፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ይልቁንም የሥራ መደቡ በተለወጠ ጊዜ፣ የምስክር ወረቀት አስጽፎ በቤቱ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ከብዙ እንግልት ይድናል።

ይህ አዋጅ ግን ሁሉንም ሠራተኛ አይመለከትም። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። በግል ድርጅት ውስጥም የሥራ መሪ የሚባሉት ከዚህ አዋጅ ውጭ ሆነው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በየትኛው ሕግ ሥር እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ምስክርነትና ምስጋና

ቀጥሎም ምስክርነትን ከምስጋና መለየት ያስፈልጋል። ምስክርነት የሆነውን እንደ ሆነ መናገር ነው፤ ምስጋና ግን የወደዱትን ማወደስ ነው። «እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን በገንዘብ ያዥነት፣ በወር ይህን ያህል ደመወዝ እየተከፈለው ሠርቷል» የሚለው ቃል ምስክርነት ነው። «እገሌ ትጉህ፣ ታማኝና ሥራ ወዳድ ነው» የሚለው ግን ምስጋና ነው። አንደኛውን ሕግ ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ግን ከሰውዬው ልብ ካልመነጨ በስተቀር በግድ የሚገኝ አይደለም።

ከተቀየመ አሠሪ ጋር የሚደረገው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሠራተኛው እነዚህን ሁለቱን አቀላቅሎ ሲጠይቅ ነው። አሠሪው ምስጋናውን መስጠት ስላልፈለገ ምስክርነቱንም አብሮ ይይዘዋል። ሠራተኛው ግን፣ «እንዲያመሰግኑኝ አልጠይቅም፤ የሠራሁትን፣ የሠራሁበትን ዘመንና ደመወዜን ብቻ ይጻፉልኝ» ቢል የአሠሪው ምክንያት ግማሹ ይወድቃል። ምስጋናውን የሚጽፍለት ሰው ካስፈለገው ደግሞ ሥራውን በቅርብ ያየውን የክፍል ኃላፊ፣ ወይም አብሮት ሠርቶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረውን ባለሙያ በትሕትና ይጠይቅ። በአንድ ቤት ውስጥ የሚያውቀን ሰው ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደለም።

አሠሪው ለምን ይከለክላል

በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም። ስለዚህ ከመከራከር በፊት የክልከላውን ምክንያት መርምሮ ማወቅ ይገባል። ምክንያቶቹ ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ቅያሜ ነው። ሠራተኛው ሥራ በበዛበት ወራት ጥሎ ሄዷል፤ ወይም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቀርቷል። በሕጉ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህን ያላደረገ ሠራተኛ በእርግጥ አጥፍቷል፤ ነገር ግን የጥፋቱ ዋጋ በዚያው ሕግ ተወስኗል፤ ይኸውም ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሣ ነው። የሠራውን ዘመን መካድ ከቅጣቶቹ አንዱ ሆኖ አልተጻፈም። ሠራተኛውም በበኩሉ ያለፈውን ክርክር ሁሉ በሆዱ ይዞ ወረቀት ሊጠይቅ አይሂድ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ሁለቱ አብረው አይሆኑለትም።

ሁለተኛው የንብረት ጉዳይ ነው። በእጁ የነበረውን ኮምፒዩተር፣ መኪና፣ ቁልፍ ወይም የገንዘብ ሰነድ ሳያስረክብ የሄደ ሠራተኛ አለ። ሕጉ የመጨረሻ ክፍያ የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀኖች ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ርክክቡን ያዘገየ እንደ ሆነ ግን ክፍያው ሊዘገይ ይችላል ይላል። በተለምዶ ክሊራንስ የምንለው ከዕዳ ነጻ የመሆን ማረጋገጫም ከዚሁ ርክክብ ጋር የተያያዘ ነው። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ አንቀጽ 12 ስለ ምስክር ወረቀቱ ሲናገር እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ቢሆንም ለሠራተኛው የሚሻለው ንብረቱን በዝርዝር አስረክቦ፣ የተረከበውን ሰው አስፈርሞ፣ ግልባጩን መያዝ ነው። ይህን ያደረገ ሰው አሠሪው የሚያነሣውን ምክንያት አስቀድሞ ዘግቷል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። አንድ ድርጅት ለሠራተኛው በወር 12,000 ብር እየከፈለ ለግብርና ለጡረታ ያስታወቀው 6,000 ብር ብቻ ነው እንበል። እውነተኛውን ደመወዝ ጽፎ ማኅተም ያኖረ እንደ ሆነ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ወረቀቱን ይከለክላል፣ ወይም 6,000 ብር ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሠራተኛው ሊያስብበት ይገባል። ዛሬ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ 7 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው የሚዋጣው በደመወዙ ልክ ነው፤ ደመወዙ በወረቀት ላይ ያነሰበት ሰው በሽምግልናው የሚያገኘው አበልም ያንስበታል። ለጊዜው ይበቃል ብሎ ሐሰተኛውን ቁጥር የተቀበለ ሠራተኛ የነገ እንጀራውን ለዛሬ ችኮላ ሸጠ ማለት ነው።

አራተኛው፣ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ደግሞ ክፋት የሌለበት ቸልተኝነት ነው። ማኅደሩ አልተገኘም፤ ጸሐፊዋ ዓመት ፈቃድ ላይ ነች፤ ፈራሚው ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ ነገ ተመለስ። ለዚህ ቁጣ መድኃኒት አይሆነውም። መድኃኒቱ ለጸሐፊው ሥራውን ማቅለል ነው፤ የቅጥሩን ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገቱንና የመልቀቂያውን ግልባጭ በአንድ ላይ አያይዞ ማቅረብ ነው። ማኅደር ፍለጋ የሚፈጀው ሳምንት በዚህ መንገድ ወደ አንድ ቀን ሊያጥር ይችላል።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። በአፍ ብቻ የጠየቀ ሰው አሥር ጊዜ ቢመላለስም እንዳልጠየቀ ይቆጠራል፤ ማስረጃ የለውምና። ስለዚህ ጥያቄው አጭርና ትሕትና ያለው ደብዳቤ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ………… ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ። እኔ አመልካች በድርጅቱ ውስጥ ከ………… ቀን ጀምሮ እስከ………… ቀን ድረስ በ………… የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቼ፣ የመጨረሻው የወር ደመወዜ ብር………… ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት የሠራሁትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኔንና ደመወዜን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እስከ………… ቀን ድረስ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የቅጥርና የመልቀቂያ ደብዳቤዎቼን ግልባጭ አያይዣለሁ።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንደኛው ለመዝገብ ቤት ይሰጥ፤ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይደረግበትና በሠራተኛው እጅ ይቆይ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ያለ እንደ ሆነ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ተልኮ ደረሰኙ ይጠበቅ። በደብዳቤው ውስጥ ስድብ፣ ዛቻና የቆየ በደል አይጻፍ። ነገሩ ወደ ዳኛ ፊት የደረሰ እንደ ሆነ ያ ደብዳቤ የጸሐፊውን ጠባይ የሚያሳይ መስተዋት ይሆናል።

የተሰጠው ቀን አልፎ መልስ የጠፋ እንደ ሆነ አንድ የማስታወሻ ደብዳቤ ይጨመር። ከዚያ በኋላ ለሥራና ክህሎት ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አሠሪው አሁንም እምቢ ቢል ግን የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ሰው ለአንዲት ወረቀት ፍርድ ቤት መሄድ ነውር ይመስለዋል፤ ነገር ግን አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት የሚያያቸውን ጉዳዮች ሲዘረዝር የአገልግሎት ምስክር ወረቀትንና ክሊራንስን የሚመለከተውን ክርክር ለይቶ ጠቅሶታል። ችሎቱም ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ታዟል። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ነገር ግን ጊዜን አታሳልፉ። በሥራ ውል ላይ የተመሠረቱ ክሶች ሁሉ የይርጋ ዘመን አላቸው፤ ጠቅላላው ዘመን አንድ ዓመት ሲሆን፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። አሠሪው «ትንሽ ታገሥ» እያለ በቃል ሲያባብል የሚያልፈው ወር ለሠራተኛው ተመልሶ አይቆጠርለትም።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ቅሬታውን አስቀድሞ በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያቅርብ። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደ ተቋቋመው ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤት ማለት ይችላል።

ወረቀቱ እስኪገኝ ድረስ

በዚህ መካከል የሥራ ማስታወቂያው ቀን ሊያልፍ ነው። ድርጅቱ ተዘግቶ፣ ወይም ባለቤቱ ተለውጦ፣ የሚጽፍ ሰው የጠፋም እንደ ሆነ አለ። በዚህ ጊዜ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ማስታወስ ይገባል። የሥራ ውሉ ለብቻው ትንሽ ነው፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ደመወዝ በየወሩ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርና የተዋጣበት መዝገብ፣ የዕድገት ደብዳቤና የመሥሪያ ቤት መታወቂያ እያንዳንዳቸው ትንንሽ ናቸው። በአንድ ላይ ሲቀርቡ ግን ሰውዬው በእርግጥ በዚያ ቤት እንደ ሠራ ይናገራሉ። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት እነዚህን በምስክር ወረቀቱ ፈንታ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ለዳኛ ግን ጠቃሚ ማስረጃ ይሆናሉ። ለቀጣሪውም ወረቀቱ በጽሑፍ ተጠይቆ በመጠበቅ ላይ መሆኑን የሚያሳየውን የደብዳቤ ቅጂ አብሮ ማቅረብ አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን ከቶ አይደረግ። ተስፋ የቆረጠ ሰው፣ «እውነቴን ነው የሠራሁት፤ ወረቀቱን ብቻ ላሠራ» ብሎ ማኅተም ወደሚቀርጹ ሰዎች ይሄዳል። እውነተኛ ሥራ በሐሰተኛ ማኅተም አይመሰከርም። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ማስረጃው ከዓመታት በኋላ ቢጣራ እንኳ ሰውዬው የተገባውን ልምድ ይዞ ያልተገባውን ውርደት ይጎነጫል።

ወረቀቱ በተገኘ ጊዜም በደስታ አጥፎ ወደ ኪስ ከመክተት በፊት እዚያው ቆሞ ማንበብ ይገባል። ስሙ እስከ አያት ድረስ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አንድ ነውን? የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ወርና ዓመት ተጽፏልን? በተለያዩ መደቦች የሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ከነዘመኑ ተለይቷልን? ደመወዙ ትክክል ነውን? የሥራ ግብር መከፈሉ ተገልጿልን? የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ የፈራሚው ስምና ማኅተም አለበትን? የአንድ ፊደል ስሕተት ተመልሶ ሲመጣ ሌላ አንድ ወር ያስከፍላልና።

እናንተም በጠረጴዛው ወዲያኛው በኩል ላላችሁ

እስካሁን የተናገርነው ለጠያቂው ነው። ይህን ከምታነቡት መካከል ግን ብዙዎቻችሁ ማኅደር የምታወጡ፣ ደብዳቤ የምታረቁ፣ የምትፈርሙና ማኅተም የምትይዙ ናችሁ። «ነገ ተመለስ» የምትለው ቃል ለተናጋሪው ቀላል ናት፤ ለሰሚው ግን የታክሲ ሒሳብ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ፣ አንዳንድ ጊዜም ያለፈ የምዝገባ ቀን ነች። የሚጠየቀው ሦስት መስመር ነው፤ ምን ሠራ፣ ስንት ዘመን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው። ማኅደሩ የያዘውን ወደ ወረቀት መገልበጥ ለማንም ማዳላት አይደለም፤ አለመገልበጥ ግን እውነትን መደበቅ ነው።

ከሠራተኛው ጋር የተጣላ አለቃም ቢሆን ጠቡንና መዝገቡን ይለይ። ሠራተኛው አጥፍቶ ከሆነ ለጥፋቱ ሕግ አለ፤ የሠራበት ዘመን ግን አልፏል፤ ያለፈውን ዘመን እግዚአብሔርም ሆነ መዝገብ ያውቀዋል። ዛሬ ፈራሚ የሆነው ሰው ነገ ጡረታውን ሊያስቆጥር፣ ወይም ሌላ ሥራ ሊጠይቅ፣ በሌላ ፈራሚ በር ላይ መቆሙ አይቀርም። አባቶቻችን ነግ በእኔ ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስለዚህ ጠያቂው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለመብት፣ ነገር ግን በትሕትናና በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ተጠያቂውም እንደ ለጋስ ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ሳይዘገይ ይክፈል።